ሁለተኛ መስመር የሌለው ራውተር

በፍኖተ ሰላምም ይሁን በቡሬ፣ ባንክ ገብቶ ወረፋ የያዘ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ለምን ብሎ አይከራከርም። በርበሬውን ሸጦ ብሩን ሊያስገባ የመጣው ገበሬ፣ ደመወዟን ልታወጣ የመጣችው መምህርት፣ ከቤተሰብ የተላከለትን ገንዘብ የሚጠብቀው ተማሪ ወይ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ወይ «ነገ እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛም የተሻለ መልስ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የመንገድ ሥራ ቁፋሮ ፋይበሩን በጥሶት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለው ማዕከል ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ያነሰ የሚጠረጠረው ግን በጓዳ መደርደሪያ ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ የተቀመጠው ራውተር ውስጥ የተጻፈው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው።

ያ ትእዛዝ የሕዝብ ጉዳይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃው የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሲበላሽ የሚጉላላውም ሕዝቡ ነው። የሚመክሩበት ግን የአይቲ ባለሙያውና ዕቃውን ያቀረበው ነጋዴ ብቻ ናቸው። በዚህ መሐል ዋጋው የከበደ ራውተር ተገዝቶ፣ በውስጡ የተራቀቀ አሠራር ተጭኖ፣ በስተመጨረሻ አንዲት ገመድ ላይ ይሰካል። ገመዷ ስትበጠስ ርካሹም ውዱም ራውተር እኩል ዝም ይላል።

ስለዚህ ለምዕራብ ጎጃም ከተሞች መሥሪያ ቤቶች የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ብር ለሁለተኛ መስመር ይውጣ፤ ሁለተኛው ብር መስመሩን ለሚያውቅ ሰው ይውጣ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው።

የራውተር ሥራ በራሱ ቀላል ነው። መረጃ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ ባለሙያዎች ፓኬት ይሉታል። እያንዳንዱ ፓኬት የሚደርስበት አድራሻ ተጽፎበታል። ራውተሩ አድራሻውን ያነባል፣ በውስጡ ካለው የመንገድ ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክራል፣ ለቀጣዩ ራውተር ያቀብለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያይም። ዋናው ጥያቄ ሰንጠረዡን ማን ይሞላዋል የሚለው ነው። ስታቲክ እና ዳይናሚክ የሚባሉት ሁለት አሠራሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ቡሬ ይህን ለማስረዳት የተቆረቆረች ትመስላለች። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የመጣው መንገድ እዚህ ሲደርስ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ያመራል። ባለንብረቱ «ከቡሬ ባሕር ዳር በእንጅባራ ሂድ» ብሎ በወረቀት ጽፎ የሰጠው ሹፌር አለ እንበል። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ የሚቀድመው የለም፤ ማንንም አይጠይቅም፣ አያመነታም። መንገዱ ሲዘጋ ግን ወረቀቱ ያው ነውና ባለንብረቱ ሌላ እስኪጽፍለት ድረስ ቆሞ ያድራል። ስታቲክ ራውት ይህ ነው። ሌላው ሹፌር በየከተማው ወዳጅ አለው። ከአዲስ አበባ ከመነሳቱ በፊት እየደወለ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላል፤ በጎጃም በኩል ከተዘጋ በደሴ፣ በወልዲያና በደብረ ታቦር ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። ዳይናሚክ ራውቲንግም እንዲሁ ነው፤ ራውተሮቹ በየጥቂት ሰኮንዱ «አለህ ወይ?» ይባባላሉ፣ የሚያውቁትን መንገድ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ ሲዘጋ ሰንጠረዣቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሁለተኛው ሹፌር ይበልጣል ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዞሮ የሚሄድበት መንገድ በሌለበት ግን ወዳጅ ማብዛቱ ምን ይጠቅመዋል? መንገዱ መዘጋቱን ቀድሞ ያውቅ ይሆናል እንጂ ከመቆም አያመልጥም።

የዳይናሚክ አሠራር ታሪክ የሚያሳየውም አማራጭ ላለው ኔትወርክ የተሠራ መሆኑን ነው። ሪፕ የተባለው የቆየ ፕሮቶኮል የሰንጠረዡን ግልባጭ በየ30 ሰኮንዱ ለጎረቤቶቹ ይልካል፤ ርቀትን የሚለካው በመካከል ባሉ ራውተሮች ብዛት ሲሆን ከ15 በላይ ያለውን የማይደረስበት አድርጎ ይቆጥረዋል። ኦኤስፒኤፍ የሚባለው ደግሞ የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ በየራውተሩ ያስቀምጣል። በብዙ ዕቃዎች ላይ በተለመደው አሠራር በየ10 ሰኮንዱ ሰላምታ ይልካል፤ ለ40 ሰኮንድ መልስ ያጣበትን ጎረቤት እንደሌለ ቆጥሮ አዲስ መንገድ ያሰላል። የሚያሰላበትን ዘዴ ያፈለቀው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ሲገበያይ ደክሞት ቡና ቤት ተቀምጦ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዳሰበው፣ መነሻውም ከሮተርዳም ወደ ግሮኒንገን የሚያደርሰውን አጭር መንገድ መፈለግ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ጥያቄው ገና ከመነሻው «ከብዙዎቹ መንገዶች የቱ ያጥራል?» የሚል ነበር። አንድ መንገድ ብቻ ካለ የሚሰላ ነገር የለም።

አገሮችንና ታላላቅ ድርጅቶችን የሚያገናኘው ቢጂፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቴክሳስ ኦስቲን በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ኪርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር በምሳ ሰዓት ሐሳቡን በናፕኪን ላይ ነደፉት፤ ዛሬ የዓለም ኢንተርኔት የሚመራበት እሱ ነው። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፣ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ስለሆነ በብሔራዊው በር ላይ ያለ ዳይናሚክ ራውቲንግ መኖር አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የምሥራቅ አፍሪካ ኬብሎች ሲበጠሱ በሌላ ኬብል ላይ አቅም የያዙ ድርጅቶች ትራፊካቸውን አዙረው ቀጠሉ፤ በታንዛኒያ ግን ችግሩ ከብዙዎቹ ጎረቤቶቿ የከፋ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የያዙት አማራጭ ብዛት እንጂ የራውተሩ ዓይነት አልነበረም።

ዳይናሚክ አሠራር ሌላም ዋጋ አለው። በእጅ የተጻፈ ስሕተት በተጻፈበት ቦታ ይቀራል፤ ራውተሮች ለራውተሮች የሚያወሩት ስሕተት ግን እንደ ወሬ ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 የፓኪስታን መንግሥት ዩቱብ በአገሩ እንዲዘጋ አዘዘ። የፓኪስታን ቴሌኮም ለአገር ውስጥ ብሎ የጻፈው የሐሰት መንገድ አፈትልኮ ወጣና የዓለም ራውተሮች አምነው ተቀበሉት፤ ዩቱብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ተሰወረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ሰረዛቸው።

ያለ ማጣራት ማመን የሚያስከፍለውን ጎጃም ራሱ ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ የስልክ መስመሩ አልተቆረጠም ነበር። በዓባይ መሻገሪያ ላይ የቀረው የጣልያን ጦር ደውሎ ወሬ ሲጠይቅ ስልኩን ያነሳው ከእንግሊዞች ጋር የገባው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ነበር። ጣልያንኛ አቀላጥፎ ስለሚናገር ራሱን ከእነሱ ወገን አስመስሎ ብዙ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነውና ሽሹ አላቸው፤ እነሱም አመኑት። ኦኤስፒኤፍ ላይ የይለፍ ቃል ሳያደርግ የሚተው ባለሙያም ራውተሩን ለማንም ደዋይ አሳልፎ እየሰጠ ነው።

እንግዲህ በምዕራብ ጎጃም ማን ምን ያስፈልገዋል?

የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ፣ የጤና ጣቢያ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ ውጭ የሚወጣበት መስመር አንድ ከሆነ ስታቲክ ይበቃዋል። ሦስት ነገር ብቻ ይጻፋል፦ የሚደረስበት ኔትወርክ አድራሻ፣ የኔትወርኩ ስፋት፣ ፓኬቱን የሚቀበለው ቀጣይ ራውተር። «የማላውቀውን ሁሉ ወደዚያ ስደድ» የሚለው ዲፎልት ራውት ደግሞ በአንድ መስመር ያልቃል። ወረዳዎችን ለማገናኘት በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት የቆመው በመሠረቱ በዚህ ዓይነት ቅርጽ ላይ ነበር፤ ከወረዳው በሳተላይት ወደ አዲስ አበባ ማዕከል፣ ከማዕከሉ ወደ ሌላው። ሳተላይቱ ያለው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነውና ጃቢ ጠህናን ከጎረቤቱ ከቡሬ ጋር ሲነጋገር ድምፁ ሰማይ ደርሶ መመለስ ነበረበት። ከወረዳው የሚወጣው በር አንድ ስለሆነ የትኛውም ብልህ ፕሮቶኮል ይህን ሊያሳጥረው አይችልም ነበር።

በዚያው አካባቢ ሌላ ዓይነት ደንበኛም ተፈጥሯል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እዚያው ቡሬ ያለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስ በአንድ ቢሮ የሚያልቁ አይደሉም። ብዙ ሕንፃ አላቸው፤ በየሕንፃው የየራሱ ኔትወርክ ይኖራል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋርም መገናኘት አለባቸው። እርስ በርስ የተያያዙ 30 ራውተሮች እያንዳንዳቸው የሌሎቹን 29 መንገድ በእጅ ይጻፍላቸው ቢባል 870 መስመር ይሆናል፤ አንድ ሕንፃ ሲጨመር ሁሉም ዘንድ ተዙሮ መታረም ሊኖርበት ነው። እዚህ ላይ ስታቲክ ሙጥኝ ማለት ስንፍና ነው። ሁለት ራውተሮች «እኔ አላውቀውም፣ አንተ ዘንድ ይሁን» እየተባባሉ ዲፎልት ራውታቸውን አንዱ ወደ ሌላው ካዞሩት ደግሞ ፓኬቱ በመካከላቸው ሲመላለስ ውሎ የተመደበለት ዕድሜ ሲያልቅ ይጣላል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን «ሲስተም የለም» ነው።

በሁለቱ መካከል ላሉት፣ ማለትም ለአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች፣ ብዙ የማይወራለት ርካሽ መፍትሔ አለ። ራውተር አንድን መንገድ ከየት እንዳገኘው እያየ የእምነት ቁጥር ይሰጠዋል። ሲስኮ በተባለው ኩባንያ ዕቃዎች ላይ በቀጥታ የተገናኘው 0፣ በእጅ የተጻፈው 1፣ ከኦኤስፒኤፍ የመጣው 110፣ ከሪፕ የመጣው 120 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይበልጥ ይታመናል። ባለሙያው በዋናው መስመር በኩል አንድ ስታቲክ ራውት ይጽፋል፤ በሁለተኛው መስመር፣ ለምሳሌ በሞባይል ዳታ በኩል፣ ሌላ ስታቲክ ራውት ጽፎ ቁጥሩን ሆን ብሎ 200 ያደርገዋል። ሁለተኛው ተደብቆ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ሲጠፋ ብቅ ይላል። ውድ ፈቃድም ሆነ የተለየ ዕቃ አይጠይቅም።

አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ራውተሩ የመጀመሪያውን መንገድ ከሰንጠረዡ የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ግንኙነት ሲሞት ነው። በገጠር አካባቢ ፋይበር የሚበጠሰው ግን ከቢሮው በኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ወይም በጎርፍ ነው። ከራውተሩ ጋር የተገናኘው የቴሌኮም ሳጥን መብራት ስላለው መብራቱን እያበራ ይቀጥላል፤ ራውተሩም መንገዱ ደህና ነው ብሎ ፓኬቱን ወደ ገደል መስደዱን አያቆምም። ሁለተኛው መስመር ተከፍሎበት፣ ተጽፎ፣ ዝግጁ ሆኖ ሳለ አይነሳም። መድኃኒቱ ራውተሩ ከመስመሩ ማዶ ያለ አንድ አድራሻ በየጊዜው ፒንግ እያደረገ እንዲፈትሽና መልስ ሲያጣ መንገዱን እንዲያነሳ ማዘዝ ነው። ሲስኮም፣ የላትቪያው ማይክሮቲክም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ጥቂት መስመር ተጨማሪ ትእዛዝ ነው። ግን ዋናውን መስመር አጠገቡ ሳይሆን ማዶ ላይ አስቋርጦ የሞከረ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ጉድለቱን ማንም አያየውም።

ሁለተኛ መስመር ሲባል ደግሞ በእርግጥ ሁለተኛ መሆን አለበት። ሁለት ኬብል በአንድ ጉድጓድ ከተቀበረ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳል። የሁለት ድርጅት ሲም ካርድ ይዞ ሁለቱም ድርጅቶች በአንድ ማማና በአንድ ፋይበር ላይ ከተሳፈሩ ያው አንድ ነው። የቴሌኮም ገበያው በ1148/2011 አዋጅ ለውድድር ከተከፈተና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት አቅራቢ ማግኘት ቢያንስ በሕግ ተችሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮቹ አናት ላይ የተዘረጋውን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል፤ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ የ400 ኪሎ ቮልት መስመርም አለ። ምሰሶ ላይ ያለ ፋይበር መሬት ውስጥ የተቀበረውን የሚቆርጠው ዶማ አይደርስበትም። ስለዚህ ገዢው አቅራቢውን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያንተ መስመር ከሌላው ጋር የሚገናኘው የት ላይ ነው?» ይህ ጥያቄ ከራውተሩ ሞዴል ቁጥር ይበልጣል።

ምንም ፕሮቶኮል የማይፈታውም አለ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሩ በትእዛዝ ሲዘጋ ሁለት አቅራቢ መያዝም፣ ኦኤስፒኤፍ ማወቅም ዋጋ የለውም። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን በተደረገበት፣ የጤና ሪፖርት በኢንተርኔት በሚላክበት አገር እንዲህ ያለው መዘጋት ከቴክኒክ ብልሽት እኩል፣ ከዚያም በላይ፣ አገልግሎት ያስቆማል። የመጠባበቂያ መስመር የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ይህንንም አስቦ የወረቀት አሠራሩን በእጁ ቢያቆይ ኋላቀርነት አይባልም።

ከመስመሩ ቀጥሎ ሰው ነው። በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኔትወርክ ሙያ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቹ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይፈተናሉ። ሆኖም ትእዛዙን በቃል መያዝና መስመር ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳየው የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል፤ ኤፍአርአር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ ሪፕና ኦኤስፒኤፍ የሚያውቅ ራውተር ያደርገዋል። በስቶር የተቆለፉ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮችና ጥቂት ሜትር ኬብል ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃሉ። አንዱን ገመድ ነቅሎ መንገዱ ሲዞር ያየ ተማሪ ትምህርቱን አይረሳውም።

ያንን ሰው ቀጥሮ ማቆየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የራውተሩ ትእዛዝ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይለቃል። ተተኪው የቀደመውን ማንበብ ስለማይችል ሁሉንም ደምስሶ ከአዲስ ይጀምራል። የትእዛዙ ግልባጭና የኔትወርኩ ንድፍ ታትሞ ከቢሮው ማኅተም ጋር በአንድ ካዝና ቢቀመጥ የሚያወጣው ወጪ የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የግዥ ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞንና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ የሆስፒታልና የኮሌጅ አመራሮች በቀጣዩ የኔትወርክ ጨረታ ሰነድ ላይ አራት ነገር ያስገቡ፦ በተለያየ አቅጣጫ የሚገቡ ሁለት መስመሮች፣ ርክክቡ ሲደረግ ዋናው መስመር ከማዶ ተቋርጦ በግዢ ኮሚቴው ፊት የሚደረግ ሙከራ፣ የራውተሩ ሙሉ ትእዛዝ ግልባጭ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና። እነዚህን አራቱን ሳያሟላ ውድ ራውተር ብቻ የሚያቀርብ ተጫራች ውድቅ ይደረግ።